በጌሾ መሐል የተተከለች ጽጌረዳ

ባለፈው ወር የጎረቤቴ ልጅ ሰርግ ላይ፣ አዳራሹ በር ላይ የተደረደረ ጽጌረዳ አየሁና ጎንበስ ብዬ አሸተትሁ። ልማድ ነው። ጽጌረዳ አይቼ ሳላሸት ካለፍሁ የማውቀውን ሰው ሰላም ሳልል ያለፍሁ ይመስለኛል። የሸተተኝ ግን ባጃጅ ውስጥ የሚሰቀለው ሽቶ ነው። አበባው ፕላስቲክ ነበር፤ ፕላስቲክ መሆኑ ሳያንስ ሽቶ ነፍተውበታል። በሩ ላይ እንግዳ የምትቀበል አንዲት ልጅ "እማማ፣ የውሸት ነው እኮ" አለችኝ፤ አዘነችልኝ መሰለኝ። "እሱንስ ከአንቺ በፊት አፍንጫዬ ነግሮኛል" ብያት ገባሁ። ተቀመጥሁ፣ በላሁ፣ ሙሽሮቹ ሲገቡ አጨበጨብሁ። ልቤ ግን እመት ዘርፌ ግቢ ሄዶ ነበር፤ ከሠላሳ ዓመት ያላነሰ መንገድ ወደ ኋላ።

ዘመኑን በቁጥር አትጠይቁኝ። መንግሥት ተለውጦ፣ መሥሪያ ቤቶች ስማቸውን ቀያይረው፣ እኛም በየደብዳቤው ራስጌ ላይ አዲሱን ስም ለመጻፍ ጣታችን ገና ያልለመደበት ጊዜ ነበር። ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው። ደብረ ታቦር አንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ሆኜ ተቀጠርሁ። እንቁላል አምስቱ በብር ይገዛል፤ ጠላ አንድ ጣሳ ሃምሳ ሳንቲም ነው፤ መንገዱ በጋ አቧራ፣ ክረምት ጭቃ ነው። ከመናኸሪያው በታች አንድ ካሴት ቤት ነበር፤ አንዱን ካሴት ሳምንቱን ሙሉ ስለሚያጫውተው ዘፈኑን ሳንወደው በቃላችን እናውቀው ነበር። ሰኞ ወጣት የነበረው ዘፋኝ ዓርብ ላይ ክሩ ተጎትቶ ሽማግሌ ይሆናል። የመሥሪያ ቤት ሴት ማለት ትከሻው ስፖንጅ ያለው ኮት የለበሰች ናት፤ እኔም ቅዳሜ ገበያ ከሰልባጅ ተራ አንድ አረንጓዴ ኮት ገዝቼ እኩል ሆንሁ። ከጉና የሚወርደው ብርድ ግን ስፖንጅ አይፈራምና ከላይ ጋቢ እደርብበታለሁ። ዛሬ ካሴት ቤቱ በነበረበት ማዕዘን መስታወቱ ሰማያዊ የሆነ ፎቅ ቆሟል፤ ከሥሩ የሞባይል ሽፋን ይሸጣሉ። የዩኒቨርሲቲ ልጆች ትከሻው ሰፊ የሆነ ኮት እንደገና መልበስ ጀምረዋል። የእኔን የት ጣልሁት እያልሁ እቆጫለሁ።

የመጣሁት ከእብናት ነው። እዚያ ተድሬ ሦስት ዓመት ኖሬ ልጅ ሳልወልድ ቀረሁ። ባሌ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ክፉ ቢሆን ይሻለኝ ነበር፣ እጣላው ነበር። ዝም ብሎ የሚያይ ሰው ነው። የተናገሩት አማቴ ናቸው። አንድ ቀን ጠዋት "ሦስት ክረምት ጠበቅንሽ፤ ሌላ ሰው ይህን ያህል አይጠብቅም" አሉኝ። ሳጥኔ ተጫነ፤ ወጣሁ። ጥፋቱ የማን እንደሆነ የጠየቀ የለም፤ ሐኪም ዘንድ የሄደም የለም። ከማግባቴ በፊት ወረታ አክስቴ ዘንድ ሆኜ ታይፕ ተምሬ ነበርና ያ አዳነኝ። ደብረ ታቦር አውቶቡሱ ሲያወርደኝ አንድ ነገር ለራሴ ማልሁ፦ ከእንግዲህ ወዲህ ማንም ቀን ቆጥሮ ከየትም አያስወጣኝም። ለከተማው ሰው ስለ ትዳሬ አንዲት ቃል አልተነፈስሁም። ባል አላት ያለም አለ፣ ሞቶባታል ያለም አለ፤ እንደፈለጉ ይበሉ ብዬ ተውኋቸው።

የተከራየሁት እመት ዘርፌ ቤት ነው። እመት ዘርፌ ስድሳውን ያለፉ፣ ቀጭን፣ ዓይናቸው የደከመ፣ አንደበታቸው ግን ምንም ያልደከመ ባልቴት ነበሩ። ጠላ ጠምቀው ይሸጣሉ፤ በራቸው ላይ እንጨት ጫፍ ላይ የተደፋ ጣሳ ቆሟል። ግቢያቸው ከአጥር እስከ አጥር ጌሾ ነው። ጌሾው ሲደርስ እጃቸውን በጨርቅ ሳይሸፍኑ፣ ቅርንጫፉን ከላይ ይዘው ወደ ታች ይስቡታል፤ ቅጠሉ ሁሉ እፍኛቸው ውስጥ ይቀራል። ሲሸመጥጡ ጨዋታም አያቋርጡ፣ ዓይናቸውም እጃቸውን አያይ። ከእኔ መስኮት ሥር እስከ ጌሾው ድረስ አራት እርምጃ በሦስት የሚሆን ባዶ መሬት ነበር። የታሪኬ አገር ያች ናት።

ጽጌረዳዋን የሰጡኝ አቶ ደምሴ የሚባሉ የእርሻ ባለሙያ ናቸው። ከአርሲ በኩል ተመድበው የመጡ፣ ዝምተኛ፣ ሁልጊዜ ኪሳቸው ውስጥ ምላጭ የማይጠፋ ሰው ነበሩ። ቢሮው በር ላይ ራሳቸው ያሳደጓት አንዲት ቁጥቋጦ ነበረቻቸው፤ ፈዘዝ ያለች ሮዝ፣ ቅጠለ ብዙ፣ ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ሲነካት እስከ ታይፕ ክፍሉ ድረስ የምትሸት። ወደ አገራቸው ሊዛወሩ ሲሉ አራት ቅርንጫፍ ቆርጠው፣ በወተት ዱቄት ቆርቆሮ ውስጥ እርጥብ አፈር ሞልተው ሰኩልኝ።

"ይህች አንድ ጊዜ አብባ የምታርፍ ዓይነት አይደለችም" አሉኝ። "ዓመቱን ሙሉ እየደጋገመች ታብባለች። የምትፈልገው አንድ ነገር ነው፤ አበባዋ ሲጠወልግ ቶሎ ቁረጪላት። ካልቆረጥሽላት ዘር ትቋጥርና ሥራዬን ጨርሻለሁ ብላ ትቀመጣለች።"

"ዘር እስካልቋጠረች ድረስ ነው በሏ የምታብበው?"

"እንደሱ ነው።"

ሳቄ መጣ። አቶ ደምሴ ምን እንዳሳቀኝ አልገባቸውም፤ እኔም አልነገርኋቸውም። የነገሩኝን ሁሉ ግን ከሰዓት በኋላ በቢሮው የጽሕፈት መኪና ግማሽ ገጽ አድርጌ ተየብሁት። የሚተከለው እርሳስ ያህል ይሁን፤ ሁለት ዓይን፣ ማለትም ሁለት የቡቃያ ቦታ፣ ከመሬት በታች፣ ሁለት ዓይን ከላይ። የጠወለገ አበባ ሲቆረጥ ወደ ታች እየተቆጠረ አምስት ቅጠል በአንድነት ካለበት በላይ ይሁን። መሐሏ ክፍት ይሁን፣ ነፋስ ይግባባት። ቅርንጫፏ ሲረዝም ጎንበስ ተደርጎ ይታሰር፤ ቀጥ ብሎ የቆመ ጫፉ ላይ ብቻ ያብባል፣ የጎነበሰ ግን በየዓይኑ ያብባል። ወረቀቱን አልጋዬ ራስጌ ላይ ለጠፍሁት። ሌሎች ሴቶች እዚያ ቦታ ላይ የሰርጋቸውን ፎቶ ነበር የሚሰቅሉት።

ቆርቆሮዬን ይዤ ፈቃድ ልጠይቅ እመት ዘርፌ ዘንድ ሄድሁ። ተቀብለው ወደ ዓይናቸው አስጠግተው አዩት።

"ይበላል?" አሉኝ።

"አይበላም እመት።"

"ይጠመቃል?"

"ኧረ አይጠመቅም።"

"ታዲያ ምን ያደርጋል?"

"ይሸታል።"

"ሽታስ የእኔም ጋን ይሸት የለ" ብለው ሳቁ። ከዚያ ቆርቆሮውን መለሱልኝ። "ትከይው እስቲ። መሬቱም ጦሙን ከሚያድር።"

ሰኔ ላይ፣ ዝናቡ ሲይዝ ተከልኋቸው። ሁለቱ በሰበሱ፤ አንዱን ዶሮ ጭራ ጣለችው፤ አንዷ ያዘች። ዓመቱን በእሷ ቆጠርሁት ማለት እችላለሁ። ከቢሮ ስመለስ ጫማዬን ሳላወልቅ እሷን አያለሁ። የበግ ፍግ ከገበያ ተሸክሜ አመጣሁ፤ እግሯ ሥር ነጭ ሽንኩርትና ጤና አዳም ተከልሁ፤ ተባይ ያርቃል ብለውኝ ነበር። በቀጣዩ ግንቦት አንዲት አበባ አወጣች። አንዲት ብቻ። እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት ልናገር። ያችን አበባ ልቆርጥ አልቻልሁም። ስትጠወልግ አየሁ፣ አልቆረጥሁም፤ የአበባ ቅጠሏ ሲረግፍ አየሁ፣ አልቆረጥሁም፤ በሥፍራዋ አንዲት አረንጓዴ ፍሬ ስትቋጠር ጭራሽ ደስ አለኝ። ቁረጪ የሚለውን ራሴ ተይቤ፣ ራሴ ለጥፌ፣ ራሴ አልሰማሁም። አቶ ደምሴ እንዳሉት ሥራዬን ጨርሻለሁ ብላ ተቀመጠች። ቅርንጫፎቿም ጎንበስ አድርጊና እሰሪ የተባልሁትን ይሰበሩብኛል ብዬ ስለፈራሁ ወደ ላይ ብቻ ተመዘዙ። ክረምቱ ሲገባ ደግሞ በረዶ መታት፤ ቅጠሏ ጥቁር ነጠብጣብ አወጣ፣ በዚያ ላይ ዱቄት የተነሰነሰበት የሚመስል ነጭ ነገር ለበሰ። አመድ በተንሁባት፤ አልለቀቃትም።

ጳጉሜን ላይ እመት ዘርፌ መስኮቴ ሥር ቆመው ጠሩኝ። በእጃቸው ጽጌረዳዋን እየዳበሱ ነው።

"የሻረግ፣ ይህችስ ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ሆነችብን" አሉ። "ዓመት አለፋት አይዶል? ዘንድሮ ጠጪው በዝቶ ጌሾው አንሶኛል። ችግኝ ተቀምጦልኛል።"

"ታብባለች እመት። ትንሽ ይታገሡኝ።"

"ጽጌን እታገሥሻለሁ። በወርኃ ጽጌ ያላበበ መች ሊያብብ ነው? እስከ ቁስቋም ካላበበች ግን ትነቀላለች።"

ወርኃ ጽጌ መስከረም ሊያልቅ ሲል ይገባል፤ ኅዳር ስድስት በቁስቋም ይወጣል። ጋራው ሁሉ አበባ የሚለብስበት፣ ቤተ ክርስቲያንም በአበባ የምታመሰግንበት ወራት ነውና የእመት ዘርፌን ፍርድ የሚሰማ ሰው ልክ ናቸው ይላል። እኔ ግን የሰማሁት የአማቴን ድምፅ ነው። ሦስት ክረምት ጠበቅንሽ። በዚያች ደቂቃ ቆረጥሁ፦ ይህች አበባ አትነቀልም። ከሆነም እኔው ከነሥሯ አንሥቼ፣ በባልዲ ይዣት፣ ቤት ፍለጋ እወጣለሁ እንጂ ቆሜ ስትነቀል አላይም።

ለመስቀል እናቴ ታማ ስለነበር እብናት ሄድሁ። አሥር ቀን ቆየሁ። እናቴ ሻል ሲላት ወንድሜ ነገር አመጣ። አንድ የከብት ነጋዴ፣ ሚስቱ የሞተችበት፣ አራት ልጆች ያሉት ሰው ጠይቆኛል። "ልጅ አምጪ አይልሽም፤ ልጅ ሞልቶታል" አለኝ ወንድሜ፣ ትልቅ ውለታ የዋለልኝ መስሎት። አልሸሹም ዞር አሉ ማለት ይህ ነው። ያኛው ቤት ስላልወለድሁ አስወጣኝ፣ ይሄኛው ስለማልወልድ ሊያስገባኝ ነው።

"አልመጣም" አልሁት። "ሥራ አለኝ። የተከልሁትም ነገር አለ።"

"ምን ተከልሽ?"

"አበባ።"

ወንድሜ ሳቀ፤ የመጡት ሽማግሌዎችም በጋቢያቸው ሥር ሳቁ። እናቴ አልሳቀችም። መደቡ ላይ እንደተኛች አንገቷን ቀና አድርጋ "አሁን ውኃ የሚያጠጣልሽ አለ?" ብላ ጠየቀችኝ። የለም ስላት "በይ እንግዲያው ቶሎ ሂጂ" አለች። ወንድሜ ያን ነገር ሁለተኛ አላነሣብኝም።

ደብረ ታቦር የደረስሁት ቀትር ላይ ነው። የግቢውን በር ከፍቼ ስገባ ያየሁትን ማመን አቃተኝ። ጽጌረዳዬ ላይ አንዲት ቅጠል አልቀረችም። እሾህ ብቻ የያዙ አምስት ስድስት ዘንጎች መሬት ላይ ቆመዋል። ያች አንዲት ፍሬዋም የለች። እመት ዘርፌ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ቀኝ እጃቸውን በጨርቅ ጠቅልለው ነበር።

"ማን ነው እንዲህ ያደረጋት?" አልሁ፤ ሰላምታም አላስቀደምሁ።

"እኔ ነኝ" አሉ፣ ሊመሰገኑ መስሏቸው። "ቅጠሏ እንዳለ ታሞ ነበር። እንደ ጌሾ ሸመጠጥኋት። አንዲት ፍሬም ተንጠልጥላ ነበር፤ ቀነጠስኋት። ይኸው እሾኋ ምን እንዳደረገኝ ተመልከቺ።"

"ጌሾ ናት እንዴ? ሊነቅሏት ከሆነ ከቁስቋም በፊት ምን አስቸኮለዎት?"

ለእናቴ ታላቅ የምትሆን ሴት ላይ ድምፄን ከፍ ያደረግሁት በሕይወቴ ያን ቀን ብቻ ነው። እመት ዘርፌ ጨርቁን ፈትተው፣ ቧጨራውን አይተው፣ መልሰው ጠቀለሉት።

"እነቅላለሁ ያልሁትን እኔ ለምን ብዬ አክማለሁ?" አሉ። "ጌሾ ካልተሸመጠጠ አሮጌውን ቅጠል ታቅፎ ይተኛል። ራቁቱን ሲቀር ነው የሚነቃ። እኔ የማውቀው ይህን ነው፤ የአንቺን ወረቀት አላነብ።" ተነሥተው ገቡ።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ሳምንት ከእንዴት አደሩና ከእንዴት ዋልሽ በቀር ቃል አልተለዋወጥንም። እኔም አኮረፍሁ እንጂ እጄን አጣጥፌ አልተቀመጥሁም። ከእንግዲህ የምትሰበር ነገር የላትም ብዬ፣ ያን ስፈራው የኖርሁትን አደረግሁት። ከባሕር ዛፍ ጭራሮ ችካል ጠርቤ ዙሪያዋን ተከልሁ፤ ዘንጎቹን አንድ በአንድ፣ በቀን ትንሽ ትንሽ እያጎነበስሁ፣ በቃጫ ክር ከችካሉ ጋር አሰርኋቸው። መሐሏ ባዶ ሆኖ ዙሪያዋን ወደ መሬት ያጎነበሰች ቁጥቋጦ ሆነች። ጠላ ሊጠጣ የመጣ ሁሉ እያየ "ይህን ምን ወጥመድ አላችሁት?" ይላል። እመት ዘርፌ ከውስጥ ሆነው "ጸሐፊዋን ጠይቁ" ይላሉ። የታጠብሁበትን ውኃ አፈሰስሁላት፤ ፍግ ጨመርሁ። ቢሮ ውስጥ ደብዳቤ እየተየብሁ የቀኑን ቁጥር ስመታ የቀረውን በጣቴ እቆጥር ነበር። ጥቅምት አሥራ ሁለት። ጥቅምት አሥራ ዘጠኝ። ለቁስቋም ስንት ቀረው እያልሁ።

ካሰርኋት በአሥራ ሁለተኛው ቀን ይመስለኛል፣ ጠዋት ፊቴን ልታጠብ ስወጣ በጎነበሱት ዘንጎች ላይ ዓይኑ ሁሉ ቀላ። ጫፉ ብቻ አይደለም፤ በየጣት ርቀቱ ቀይ ቡቃያ ፈንድቷል። ሳምንት ሳይሞላ ቀዩ ወደ አረንጓዴ ተለወጠ፤ አንድም ነጠብጣብ የሌለበት የሚያብረቀርቅ ቅጠል። እመት ዘርፌ በዚያ ሲያልፉ ጎንበስ ብለው በጣታቸው ሲዳብሱ በመስኮት አየኋቸው። ቅጠል ግን አበባ አይደለም። የተባልሁት አብቢ ነው። ጥቅምት አለቀ፤ በየአጥሩ አደዩ ደረቀ፤ ኅዳር ገባ። ቁስቋም ዋዜማ ላይ እምቡጥ ቆጠርሁ። ብዙ ነበሩ፤ ሁሉም ግን ሽምብራ አይበልጡም፣ እንደተጨበጡ ናቸው።

ቁስቋም በዓል ነው፤ ዶማ አይነሣበትም። ማግስቱም ሥላሴ ሆነ፤ ዳነች። በሦስተኛው ቀን ሌላ በዓል መጣ። እመት ዘርፌ በዓል የማይሽሩ መሆናቸውን ያን ሰሞን እንደ ጸጋ ቆጠርሁት። በዓላቱ ሲያልፉ፣ አንድ ጠዋት ወደ ቢሮ ልወጣ ኮቴን ለብሼ ሳለ እመት ዘርፌ ከጓዳ ዶማ ይዘው ወጡ። ወደ መስኮቴ ነው የሚመጡት። ሮጬ ወጥቼ በእሳቸውና በጽጌረዳዋ መካከል ቆምሁ።

"ዘወር በይ" አሉኝ።

"አልዘወርም እመት።"

"ቢሮ ይረፍድብሻል።"

"ይርፈድ። እምቡጥ ይዛለች፤ ሳምንት ቢታገሧት ምን አለ?" ከዚያ በኋላ አፌን ልይዘው አልቻልሁም። "እኔንም እንዲሁ ነው ያደረጉኝ። ሦስት ክረምት ጠብቀው፣ አልወለደችም ብለው ከቤት አወጡኝ። ማን እንዳጠፋ ሳይጠይቁ። አሁን አንቱም እዚሁ ዓይኔ ሥር ሲያደርጉት ቆሜ አላይም። እሷ ከወጣች እኔም ሳጥኔን ይዤ እወጣለሁ።"

ለማንም ያልተናገርሁትን ተናገርሁ። አለቀስሁም፤ ማልቀሴን አልደብቅም። እመት ዘርፌ ዶማውን መሬት ላይ አቁመው በሁለት እጃቸው ተደገፉት። የጠላ ቤቱ በር ላይ የቆመው ጣሳ በነፋስ ሲንኳኳ ይሰማኝ ነበር።

"ሦስት ወልጄ ነበር" አሉ በመጨረሻ። "ሦስቱንም በአንድ ክረምት ኩፍኝ ወሰደብኝ። እኔስ አብቤ ነበር ልጄ፤ ረገፈብኝ። ባሌም ከዚያ ወዲህ ብዙ አልቆየ። ታዲያ ማን ነቀለኝ? ይኸው ጠላዬን እየጠመቅሁ አለሁ።"

ዶማውን አነሡ።

"አሁን ዘወር በይ። ሥሯ በሰርዶ ታንቋል፤ ልኮተኩትላት ነው የመጣሁት።"

"ቁስቋም ካለፈ ትነቀላለች ብለው አልነበረም?"

"ያልሁትንማ ብያለሁ። ያልሁትን ሁሉ እንድፈጽም የሚያስገድደኝ ዳኛ ነሽ?" አሉና ጎንበስ ብለው መኮትኮት ጀመሩ። ቢሮ አንድ ሰዓት አርፍጄ ገባሁ። አለቃዬ ለምን አረፈድሽ ሲሉኝ "ቤት ሥራ ነበረብኝ" አልኋቸው፤ ውሸት አልነበረም።

እመት ዘርፌ ካረፉ ቆይተዋል፤ ነፍስ ይማር። እኔም ጡረታ ወጥቼ፣ ከከተማው ወጣ ባለች የራሴ ጠባብ ግቢ ውስጥ ከዚያችው እናት የተቆረጡ ሦስት ቁጥቋጦዎች ይዣለሁ። በየዓመቱ ክረምቱ ሲወጣ፣ ወፍራም የቆዳ ጓንት አድርጌ፣ ከላይ እስከ ታች እንደ ጌሾ እሸመጥጣቸዋለሁ፤ ዘንጋቸውን አጎንብሼ አስራለሁ። ጎረቤቶቼ አሮጊቷ ደግሞ አበባዋን ልትገድል ነው ይላሉ። አጠገቤ የተከራየ አንድ የዩኒቨርሲቲ መምህር ግን እያየ ቆየና በብርድ አገር ይህን ሥራ የሚሠራው ክረምቱ እንደሆነ ነገረኝ። እዚያ ውርጩ ሲመጣ ቅጠሏ በራሱ ይረግፋል፣ ታርፋለች፣ በኋላ ትነሣለች። እኛ አገር ግን ቅጠሏን የሚያወልቅላት የለም፤ አሮጌ ልብሷን እንደለበሰች ትደክማለች። ይህን ለማወቅ እሱ ስንት ዓመት ተምሯል። እመት ዘርፌ የተማሩት ከጌሾ ነው፣ እጃቸውንም ቧጭረው ነው። ያን ቀን የጮህሁባቸውን ነገር ሳስብ ዛሬም ፊቴን ያቃጥለኛል። ይቅርታ ጠይቄያቸው ነበር፤ "እሾኋ እንጂ አንቺ አላመምሽኝም" ነው ያሉኝ።

ያበበችው ዶማው ከመጣ አሥር ቀን ሳይሞላ ነው። ጠዋት መስኮቴን ስከፍት ሽታዋ ቀድሞኝ ገባ። በየጎነበሰው ዘንግ ላይ ተራ በተራ፣ ከሥር እስከ ጫፍ አብባለች፤ ሠላሳ ቆጥሬ ቁጥር ጠፋኝ። እመት ዘርፌ ቀለሟን አጥርተው አያዩምና ፊታቸውን አስጠግተው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው አሸተቱ። "አሁን ምን ይደረጋል?" አሉኝ። ይቆረጣል አልኋቸው። በዚህ ጊዜ አልፈራሁም። እጃቸውን ይዤ ከአበባዋ ወደ ታች ወሰድሁት፤ በጣታቸው አንድ፣ ሁለት እያሉ ቅጠሉን ቆጠሩ፤ አምስት ላይ ሲደርሱ ምላጭ ሰጠኋቸው። ከሁለት ቀን በኋላ ሲጠወልጉ የነበሩትንም እሳቸው ናቸው እየዳበሱ የቆረጡላት። እስከ ገና ድረስ ሁለተኛ ደገመች።

ኅዳር ጽዮን ዕለት ነጠላቸውን አጣፍተው ሦስት አበባ በእርጥብ ጨርቅ ያዙና "ነይ፣ ማርያም እንሂድ" አሉኝ። ዓይናቸው ስለማያደርስ ክንዴን ይዘው ነው የሚሄዱት። ቅዳሴው ወጥቶ ምእመናኑ ቅጥሩ ውስጥ ሲሳሳሙ፣ ዘወትር ከእሳቸው ጠላ የሚገዙ አንዲት ጎረቤት አበባውን አይተው ሳቁ።

"እመት ዘርፌ፣ ጽጌ ካለፈ ስንት ቀኑ! አሁን ደግሞ ምን አበባ አመጡ?"

እመት ዘርፌ ክንዴን ጠበቅ አደረጉት።

"የእኛ ገና መጀመሯ ነው" አሉ።